ካውንዳ ድልድዩን መክፈታቸው ሽንፈት አልነበረም

ዛምቢያንና ዚምባብዌን የሚያገናኘው የቪክቶሪያ ፏፏቴ ድልድይ በፖለቲካ ታሪክ የሚነሳው በአብዛኛው በአንድ ስብሰባ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1975 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሮዴዢያ (የዛሬዋ ዚምባብዌ) ነጮች መንግሥት መሪ ኢያን ስሚዝና የጥቁሮቹ ንቅናቄ መሪዎች ድልድዩ መሐል ላይ በቆመ ባቡር ውስጥ፣ እያንዳንዱ ወገን በየራሱ የድንበር አቅጣጫ ተቀምጦ ተነጋገሩ፤ ሳይስማሙም ተለያዩ። ትዕይንቱ ለጋዜጠኞች የተመቸ ነበር። የዛምቢያን ዕጣ የወሰነው ግን በዚያው ሐዲድ ላይ ያለፈውና ያላለፈው ጭነት ነው።

በ1905 የተመረቀው ይህ ድልድይ 198 ሜትር ይረዝማል፤ ከዛምቤዚ ውኃ በላይም 128 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት አስፋፊው ባለሀብት ሴሲል ሮድስ ከፏፏቴው የሚረጨው ውኃ ባቡሩን እንዲነካ ፈልገው ቦታውን እንደመረጡ ይነገራል፤ እሳቸው ግን በ1902 ስለሞቱ ድልድዩን አላዩትም። ፉርጎዎቹ ከደቡብ፣ ከሮዴዢያ፣ የዋንኪን የድንጋይ ከሰል ወደ ዛምቢያ መዳብ ማቅለጫዎች ያደርሱ፣ ሲመለሱም መዳብ ይጭኑ ነበር። ዛምቢያ በ1964 ነፃነቷን ስታገኝ በእጇ የገባው ኢኮኖሚ ይህ ነው፤ ነዳጁም መውጫውም በጎረቤት እጅ ነበር።

ስሚዝ በ1965 በራሳቸው ሥልጣን ከብሪታንያ ነፃነት ሲያውጁ ይህ ጥገኝነት አደጋ ሆነ። በጃንዋሪ 1973 ስሚዝ፣ ዛምቢያ መንግሥታቸውን የሚወጉ ሸማቂዎችን ማስጠጋቷ አስቆጥቷቸው፣ ድንበሩን ዘጉ፤ ለሮዴዢያ ባቡር ጥሩ ገቢ የሚያስገኘውን መዳብ ግን ከእገዳው ነፃ አደረጉት። ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ በዚህ አልተታለሉም፤ መዳባቸውን በዚያ መስመር መላክ አቆሙ። ስሚዝ በወሩ ድንበሩን መልሰው ሲከፍቱም ዛምቢያ በበኩሏ ዘግታ ቆየች።

ይህ ውሳኔ ክብር ነበረው፤ ዋጋውም ከባድ ነበር። በአንጎላ በኩል የሚወጣው የቤንጉዌላ ባቡር በ1975 በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ። ቻይና ወደ ታንዛኒያው ዳሬሰላም ወደብ የዘረጋችው 1,860 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የታዛራ ሐዲድ ሥራ ቢጀምርም፣ ወደቡ ተጨናንቆ፣ ሎኮሞቲቭም አጥሮ ጭነቱ ተከመረ። ከተከመረው መካከል ማዳበሪያ ነበረበት። በዛምቢያ ዝናቡ የሚገባው በኖቬምበር ግድም ስለሆነ፣ ዘር ካለፈ በኋላ የሚደርስ ማዳበሪያ ለዚያ ዓመት በቆሎ አይጠቅምም። ካውንዳ በኦክቶበር 1978 የደቡቡን የባቡር መስመር የከፈቱት ይህ ቀን እያለቀባቸው ነው።

ታንዛኒያና ሞዛምቢክ ቅር ተሰኙ፤ ብዙዎችም ውሳኔውን እጅ እንደ መስጠት ቆጠሩት። እኔ በዚህ አልስማማም። ዛምቢያ መስመሩን ከከፈተች በኋላም የሸማቂዎቹ መጠለያ መሆኗን አላቆመችም። እርግጥ ነው፣ በ1979 መጨረሻ የሮዴዢያ መንግሥት በዚያው ሐዲድ ወደ ዛምቢያ የሚሄደውን በቆሎ በማገድ ተቺዎቹን ትክክል ያደረጋቸው መስሏል። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የሮዴዢያ ኮማንዶዎች የታዛራን የቻምቤሺ ድልድይ አፈራርሰዋል። ወዳጅ አገር ላይ የሚወጣው መስመርም ከጠላት እጅ አላመለጠም ማለት ነው። ስለዚህ የዛምቢያ ስህተት ድልድዩን መክፈቷ ሳይሆን፣ አዲሱን ሐዲድ በአሮጌው ላይ እንደሚጨመር ሳይሆን እሱን እንደሚተካ አድርጋ መቁጠሯ ይመስለኛል።

ይህ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1977 የሶማሊያ ጦር የጅቡቲውን ባቡር መስመር ሲቆርጥ አሰብ ነበረን፤ በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ደግሞ ከአሰብ ወደ ጅቡቲ ዞርን። በሁለቱም ጊዜ ያዳነን ሌላ በር መኖሩ ነው። ዛሬ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዳችን በጅቡቲ እያለፈ፣ ስለ ሶማሌላንዱ በርበራም ሆነ ስለ ኬንያው ላሙ ወደብ የምንከራከረው ግን «ጅቡቲን ይተካል ወይ» እያልን ነው። ከዚያ ይልቅ ባለሥልጣናቱ ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ፦ የጅቡቲ መስመር በመጋቢት ቢቋረጥ፣ እያንዳንዱ አማራጭ ከክረምቱ ዘር በፊት ስንት ኩንታል ማዳበሪያ ማስገባት ይችላል?