ወንበር ይጨመር

ለእኛ ለከተሜዎች ፈጣሪ ከቸረን ጸጋዎች ሁሉ የሚልቀው፣ ፋይል ሲዘገይ ወንበር መጨመር መቻላችን ነው። ሌላው ዓለም ከይዞታው የሚነሣ ሰው ይግባኝ ሲከማችበት ‹‹ውሳኔው ለምን ዘገየ?›› እያለ ራሱን ያስጨንቃል። እኛ ቀጥታ ወደ ፍሬ ነገሩ እንገባለን፦ ‹‹ይግባኙን የሚሰማው ጉባኤ ስንት አባላት ይኑሩት?›› አምስት የነበረው ሰባት ይሆናል፤ ሰባቱ አልበቃ ሲል ዘጠኝ። ቤትህ ይፈርሳል ተብሎ ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባበት ሰው ይህን ዜና ሲሰማ የሚያድርበትን እፎይታ መገመት አያዳግትም።

ሕጉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ችኩል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታውን እንዲለቅ የታዘዘ ሰው ቅሬታውን በ30 ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል። ቅሬታ ሰሚውም በ30 ቀን ይወስን። ቅር የተሰኘ በ30 ቀን ወደ ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይሂድ፤ ጉባኤውም በ30 ቀን መልስ ይስጥ፤ ከዚያ ወዲያ ፍርድ ቤት ለመሄድ ሌላ 30 ቀን አለ። አርቃቂዎቹ አንድም ቀን ከጉባኤ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የማያውቁ መሆን አለባቸው። ደግነቱ ልማዳችን የሕጉን ችኮላ አርግቦታል። ባለይዞታው በ31ኛው ቀን ቢመጣ ‹‹ጊዜው አልፎበታል›› ይባላል፤ ጉባኤው በ90ኛው ቀን ባይወስን ግን ጉዳዩ ‹‹በሂደት ላይ ነው››። አንዱ ቀን ሲቆጥር ሌላው ሂደት ይቆጥራል።

ስሙም ቢሆን ሳይታደስ አልቀረም። በ1995ቱ የአዲስ አበባ ቻርተር ኮሚሽን ተብሎ የተጠራው ይግባኝ ሰሚ፣ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ጉባኤ ሆኗል። ማኅተም ቀራጮችም ሠርተው መብላት አለባቸው።

የጭማሪው ጥበብ የሚገባው ግን ሒሳቡን ለሠራ ሰው ነው። ምልአተ ጉባኤ ማለት ከግማሽ በላይ መገኘት ነው እንበል። አምስት አባላት ባሉበት ሦስት ሰው ከመጣ ሥራ ይጀመራል። ሰባት ሲሆኑ አራት፣ ዘጠኝ ሲሆኑ አምስት ያስፈልጋል። ሦስት ሰው ማሟላት ያቃተውን ጉባኤ አምስት ሰው እንዲያሟላ በማድረግ ማፋጠን፣ ከእኛ በቀር ማን ያስበዋል?

እስቲ አንዱን ማክሰኞ በዓይነ ሕሊናችን እንየው። ጉባኤው ዘጠኝ ሆኗል። ክፍሉ ለአምስት ሰው የተሰናዳ ስለነበር የጎደሉት ወንበሮች ከመዝገብ ቤት ተወስደዋል፤ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ከዚያን ቀን ወዲህ ቆማ ነው የምትሠራው። ዘጠኝ የታሸገ ውኃ ተደርድሯል። አራት አባላት ገብተዋል። ከመሬት አስተዳደር የተወከሉት ሌላ ኮሚቴ ላይ ናቸው፤ የሕግ ባለሙያው ለሥልጠና አዳማ ወርደዋል፤ የነዋሪው ተወካይ ‹‹መንገድ ላይ ነኝ›› ካሉ አንድ ሰዓት አልፏል፤ የሁለቱ አዲስ አባላት ደብዳቤ ደግሞ ገና ወጪ አልሆነም። ኮሪደሩ ላይ አንዲት እናት ካርታውን፣ የግብር ደረሰኙን፣ የመብራትና የውኃ ቢሉን በፌስታል ይዘው ተቀምጠዋል።

‹‹እማማ፣ ምልአተ ጉባኤው ስላልተሟላ ለሳምንት ይመለሱ›› ትላቸዋለች ጸሐፊዋ።

‹‹የጎደለው ስንት ሰው ነው ልጄ?››

‹‹አንድ ሰው፣ እማማ።››

‹‹አንድ ብቻ? ታዲያ እኔ ልግባላችሁ። ጎረቤቴም እዚሁ ናት፤ እሷ ለተጠባባቂነት ትሁን።››

ባለጉዳይ አባል መሆን እንደማይችል በትሕትና ተነገራቸው። በቃለ ጉባኤው ላይ የሰፈረው ግን ለትውልድ የሚቆይ ነው፦ ‹‹ከዘጠኙ አባላት አራቱ ብቻ የተገኙ በመሆኑ፣ አጀንዳው ለሚቀጥለው ሳምንት እንዲተላለፍ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።›› ምልአተ ጉባኤ ሳይኖረው በሙሉ ድምፅ የሚወስን ጉባኤ ቢሟላ ኖሮ ምን ሊሠራ እንደሚችል አስቡት። አበሉ በዚያው ቀን ተፈርሟል፤ እዚህ ላይ የዘገየ ነገር አላየሁም።

አባት እናቶቻችን በዚህ በኩል ብዙ ይቀራቸው ነበር። መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን ‹‹ዳኘን›› ብለው ያቆሙት ነበር፤ እርሱም መንገዱን ትቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሰማቸዋል። አንድ ሰው፣ ያለ ተለዋጭ አባል፣ ያለ አበል! ይባስ ብሎ፣ ፍርዱን የሰጠው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። ዛሬ ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የሚለው ተረት ለውሳኔም እንደሚሠራ ገብቶናል። የአንዲትን አሮጊት ካሳ መከልከል ለአንድ ሹም ሸክም ነው፤ ለዘጠኝ ሰው ሲከፋፈል ማንም ትከሻውን አይቆርጠውም። ‹‹እኔማ ተቃውሜ ነበር፣ ጉባኤው ነው›› ይላሉ ዘጠኙም፣ በየተራ።

ለልምድ ልውውጥ የሚሄድ ቡድን ይህን ሁሉ ያጠናክርልናል። ቶሮንቶ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ የራሷ የፕላን ይግባኝ ሰሚ አካል አላት። የቡድኑ አባላት እዚያ ቢሄዱ በጥንቃቄ የሚመዘግቡት የአባላቱን ብዛት ነው። አንዱን መዝገብ በአብዛኛው አንድ አባል ብቻውን እንደሚሰማው፣ በእንግሊዝም አብዛኛውን የፕላን ይግባኝ አንድ መርማሪ ቦታውን ራሱ አይቶ፣ በስሙ ፈርሞ እንደሚወስን ግን በሪፖርቱ አይካተትም። እንዲህ ያለው ዝርዝር ከሻይ ዕረፍት በኋላ የሚቀርብ ስለሆነ ያመልጣል።

ዘጠኙም ካልሠራ አይጨነቁ፤ ቁጥሩ ተመልሶ ወደ አምስት የሚወርድበት ወቅት አለ። ያን ጊዜ ‹‹ቅልጥፍና›› ይባላል። ቅነሳውን የሚያጠና አሥራ አንድ አባላት ያሉት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ እስኪያጠና ድረስ ነባሩ ጉባኤ መዝገብ እንዳይቀበል ይታገዳል፤ የታገዱት መዝገቦች ሲከማቹ ደግሞ አምስት ሰው እንደማይበቃ በግልጽ ይታያል።

እስከዚያው ድረስ ጉዳይ የሚፈታ ሰው ቢጠፋ እንኳ ዶዘሩ አለ። ዶዘር ምልአተ ጉባኤ አይጠይቅም፤ የሚያንቀሳቅሰው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ አባላቱ ወደ አሥራ አንድ ከፍ ሲሉ፣ ለአዲሱ ወንበር የዶዘሩን ኦፕሬተር እጠቁማለሁ። የሠፈሩን ጉዳይ በቅርብ ያውቃል፣ ቦታውንም በአካል ተገኝቶ ያያል፤ በቀጠሮው ቀን ደግሞ፣ ያውም ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቀርቶ አያውቅም።