ጥፋቱ የአማዞን ብቻ አይደለም

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ አሜሪካ ውስጥ የሰፈር ፋርማሲዎች የሚዘጉት በአማዞን ምክንያት ነው ይላል። በከፊል እስማማለሁ። አማዞን መድኃኒት በፖስታ የሚልከውን ፒልፓክ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ገዛ፤ በ2020 ደግሞ የራሱን ፋርማሲ ጀመረ። መድኃኒት ደጅ ድረስ ሲመጣ ማን ይሰለፋል?

ግን ሜሪላንድ ውስጥ የፋርማሲ ቴክኒሺያን ሆኜ ስሠራ ያየሁት ሌላም አለ። በኢንሹራንስና በፋርማሲ መሀል የሚገቡ ፒቢኤም የሚባሉ ድርጅቶች አሉ። አንዳንዴ ፋርማሲው መድኃኒቱን ከገዛበት ዋጋ በታች ይከፍሉታል። በሐኪም ማዘዣው ከስሮ ያድራል ማለት ነው። ድሮ ይህን ቀዳዳ የሚደፍነው የሻምፑና የቫይታሚን ትርፍ ነበር። አሁን ሰው እሱንም ኦንላይን ይገዛል። ብዙ ቅርንጫፎች የነበሩት የፋርማሲ ድርጅት ራይት ኤይድማ ዕዳና ክስ ተጨምሮበት በ2025 ጨርሶ ዘጋ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የእናቴ ነገር ነው። ዋርፋሪን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ትወስዳለች፤ እንግሊዝኛ አታነብም። አንድ ቀን ራሷን አሟት አስፕሪን ይዛ ካውንተሩ ጋ ደረሰች። ሀበሻው ፋርማሲስት አይቶ፣ «እማማ፣ ይሄ ከዚያኛው ጋር ደም ያፈስብዎታል» ብሎ ከእጇ ተቀበላት። ሌላ ሰጣት። እስኪገባት ድረስም በአማርኛ አስረዳት።

ያ ፋርማሲ ባለፈው ክረምት ተዘጋ። አሁን ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው የምትሄደው።