ነጭ በነጭ

ከኮምቦልቻ እየተመለስኩ ነው፣ ሚኒባሱ ሐረጎ ላይ ከከባድ መኪና ኋላ ተሰልፎ ይንፏቀቃል፣ ሳልፈነዳ ልጻፈው።

ያው ኮምቦልቻ ላለ ገስት ሃውስ የምሰራው ዌብሳይት ነው። አዎ፣ እስካሁን። ፎርሙ ላይ "ላክ" የሚለው በተን ጠፋ አሉ። አልጠፋም እኮ! ቴሙ (የዌብሳይቱን መልክ የሚወስነው ዝግጁ ዲዛይን) የበተን ጽሑፍ ሁሉ ነጭ ይሁን ብሏል፣ የፎርሙ ፕለጊን (ፎርሙን የሚያመጣው ተቀጥላ ፕሮግራም) ደግሞ የበተኑን ጀርባ ነጭ አድርጎታል፣ ሁለቱም በየፊናቸው ልክ ናቸው፣ እንግዳው ግን ስሙን ስልኩን ሞልቶ ባዶ ገጽ ላይ ያፈጣል። "በደንቡ ተስማምቻለሁ" የምትለዋ ሚጢጢ ሳጥን ደግሞ አክንባሎ አክላለች፣ ምክንያቱም የቴሙ ባለቤት ኢንፑት የተባለ፣ ማለትም እንግዳው የሚሞላው ሁሉ፣ ስፋቱ 100 ፐርሰንት ቁመቱ 50 ፒክስል ይሁን ብሎ አውጇል። ሳጥኗም ኢንፑት ናት፣ ማን ይለይላት።

ሁለት ቀን ተቀመጥኩበት፣ ግማሹን መብራት የለም። ማስተካከያውን በክላስ (ብዙ ነገር በሚጋራው ስም) ጻፍኩ፣ እምቢ። ኮዱን ኢንስፔክት ሳደርግ ቴሙ በአይዲ (የአንድ ነገር ብቻ በሆነ ስም) ነው የጻፈው፣ አይዲ ባለበት ክላስ ቢጮህ ማን ይሰማዋል። ኢምፖርታንት፣ ማለትም "የኔ ይቅደም" የሚል ምልክት፣ ጨመርኩ፣ ለካ ቴሙም ኢምፖርታንት ብሏል፣ ሁለቱም ካሉት ደግሞ መልሶ አይዲው ያሸንፋል። የፎርሙን አይዲ ከፊት ደርቤበት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተሳካ።

ዛሬ በኩራት ወረድኩ፣ በደሴ ጃኬቴ ላብ በላብ ሆኜ። የገስት ሃውሱ ባለቤት ሐጂ ስልካቸውን ከፈቱ። ነጭ።

"ሐጂ፣ ካሽ ነው ችግሩ" አልኳቸው።

"ካሽ? ግማሹን ሰጥቼህ የለም እንዴ!"

በረንዳው ላይ ቡና የሚጠጣው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

"ኧረ የብር አይደለም፣ ስልኩ የድሮውን ገጽ ይዞ ነው..."

"ስልኬ ደግሞ ምን በደለህ? ስማ አንተ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ግቢ ቀለም ያስቀባሁት በአንድ ቀን ነው። አንተ አንዲት ቁልፍ ለመቀባት ሁለት ቀን?"

አንዱ ሳቀ። ወላሂ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። (በነገራችን ላይ ፒያሳ ያለው ደንበኛዬ "ሰኞ እከፍልሃለሁ" ካለኝ ሦስት ወሩ፣ የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እህቴም "ኮምፒውተር ተምረህ ሪሲቨር መስራት ያቅትሃል" ትለኛለች፣ እሷን ሌላ ቀን።)

ካሹን አጠፋሁት፣ አሁንም ነጭ። ያኔ የወንድማቸው ልጅ ከጥግ ሆኖ በኩራት "ማታ አፕዴት አድርጌዋለሁ፣ ቀይ ቁጥር ነበረበት" አይል! ቴሙ ሲታደስ የራሱን ፋይል በአዲስ ይተካል፣ የኔ ሁለት ቀን እዛ ፋይል ውስጥ ነበር። ቻይልድ ቴም (ቴሙ ሲታደስ የማይነካ የራስ ማስተካከያ ማስቀመጫ) መስራት ነበረብህ እንዳትሉኝ፣ አውቃለሁ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እናንተም አትሰሩም።

እዛው በረንዳው ላይ ሰራሁት፣ በቻይልድ ቴም፣ 20 ደቂቃ። አረንጓዴ በተን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ ቆንጆ። ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉና "'ላክ'? እንግዳ አንተ ይባላል እንዴ? 'እባክዎ ይላኩልን' በለው እንጂ" አሉ። እሳቸው ልክ ናቸው፣ ያ ነው የሚያናድደው። ጻፍኩላቸው፣ ሸኙኝ።

አሁን ፎቶ በቴሌግራም ላኩልኝ። ቴሙ የበተኑን ስፋትና ቁመት ቆርጦ አስቀምጦታል፣ "ይላኩልን" ሁለተኛ መስመር ወርዶ ከአረንጓዴው ውጭ ነጩ ገጽ ላይ ወድቋል። የሚነበበው "እባክዎ" ብቻ ነው።