የሐዋሳ ፒያሳ ዕቁብ ተመልሷል

ሐዋሳ ፒያሳ ልብስ የሚሸጡ የማውቃቸው እናት ባለፈው ሳምንት "ዕቁባችን እኮ ተጀመረ" አሉኝ። ስለ ከተማችን እንዲህ ደስ የሚል ወሬ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ነጋዴ የሆነ ሰው ደስታዬ ወዲያው ይገባዋል። ገበያ ሲቀዘቅዝ ከሱቁ በፊት የሚፈርሰው ዕቁቡ ነው። መጀመሪያ አንዱ የሳምንቱን መጣል ያቅተዋል። ቀጥሎ "እጣ የደረሰው ሰው ቀሪውን ይከፍል ይሆን?" የሚል ስጋት ይገባል። በመጨረሻ ዳኛው "ለጊዜው እንተወው" ይላል። አሁን ተመለሰ ማለት ጎረቤታሞቹ እንደገና ተማመኑ ማለት ነው።

መሃል ከተማው በሁለት ነገር ይኖር ነበር። አንዱ የፋብሪካ ልጆች ደመወዝ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ሲመረቅ እስከ 60 ሺህ ሰው ይቀጥራል ተብሎ ነበር። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ በ2011 መነሻው በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። ልጆቹ ግን ብዙ ነበሩ። በእረፍት ቀናቸው ፒያሳ መጥተው ጫማ፣ ቅባት፣ ለእናታቸው ነጠላ ይገዙ ነበር። በኅዳር 2014 ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል፣ አስወጣች።

ሁለተኛው የመንግሥት ሠራተኛው ነው። በ2015 መጨረሻ የቀድሞው የደቡብ ክልል ለሁለት ሲከፈል ቢሮዎቹ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ወላይታ ሶዶና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። ምሳ ቤቱ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ ቤት አከራዩ ሁሉ ደንበኛ አጣ።

አሁን በየመስታወቱ ተለጥፎ የነበረው "የሚከራይ ሱቅ" የሚል ወረቀት እየተነሳ ነው። ተዘግቶ የማውቀው አንድ ሰፊ ሱቅ በኮምፔንሳቶ ለሦስት ተከፍሎ ተከፈተ። አንዱ ጋ ልብስ ይሰፋል፣ አንዱ ጋ ሞባይል ይጠገናል፣ ሦስተኛው ኮስሞቲክስ ነው። ወዳጄ ይህን አይቶ "ድህነት ነው እንጂ ምን እድገት ነው" አለኝ። አልተስማማሁም። ሦስት ሰው ኪራዩን ከተካፈለው አንዱ ቢወድቅ ሁለቱ ይቀራሉ። ዋሽንግተን በተወሰነ ውሳኔ መንገዱ በአንድ ወር ጭር ሲል ያየ ሰው የዚህ ዋጋ ይገባዋል።

ግን ጅምሩ ስስ ነው፤ ያሳሳኛል። አከራዮች ገበያው ሞቅ ማለቱን እንዳዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ጀምረዋል። ይህ ገና ያልቆመውን ሰው ገፍቶ መጣል ነው። በየሦስት ወሩ ቢቀበሉ ቤታቸውም ባዶ አይውልም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ከ12 ሰዓት በኋላ በየጥጉ ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ነገር ነው። ፒያሳን ማታ ማታ ሰው እንዲመላለስበት ያደረጉት እነሱ ናቸው። እነሱ ስላሉ ሱቆቹም አምሽተው ይዘጋሉ። የከተማው አስተዳደር ደንብ አስከባሪ ከመላኩ በፊት ቦታ ይስጣቸው፤ መብራትና ውኃ ያለበት፣ ከእግረኛው መንገድ ያልራቀ። የቦታ ኪራይ ቢጠየቁ እንደሚከፍሉ ራሳቸው ነግረውኛል። ከመካከላቸው ሁለቱ እዚያው ዕቁብ ውስጥ ገብተዋል።