ማስተካከያ፦ የደመወዝ መክፈያ ጊዜን ስለመቀየር
በደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች ደመወዝ ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ቀደም ሲል የተሰራጨው ማብራሪያ፣ በደመወዝ ሶፍትዌር ላይ «በየሁለት ሳምንቱ» እና «በወር ሁለት ጊዜ» የሚሉት ምርጫዎች ተመሳሳይ ውጤት እንደሚሰጡ ይገልጽ ነበር፤ ይህ ትክክል አይደለም። የመጀመሪያው በዓመት 26፣ ሁለተኛው 24 ክፍያ ስለሚያስገኝ፣ የወር ደመወዙ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ከተቀናሽ በፊት ለእያንዳንዱ ክፍያ በመጀመሪያው ምርጫ 5,538.46፣ በሁለተኛው 6,000 ብር ይታሰብለታል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያሻው ግብሩ ነው፤ የሥራ ግብር የሚሰላው በወር ገቢ ላይ ስለሆነ፣ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ክፍያ እንደ ሙሉ ወር ከቆጠረው ከግብር ነፃ የሆነው መጠን በአንድ ወር ሁለቴ ይታሰብና የሚቀነሰው ግብር ያንሳል። ጉድለቱ ኋላ ሲታወቅ የሚጎዳው ሠራተኛው ጭምር ነውና፣ የመክፈያ ጊዜው የሚቀየረው የተጀመረው ወር ከተዘጋ በኋላ ይሁን፤ ክፍያው ከመጽደቁ በፊትም የአንድ ሠራተኛ ስሌት በእጅ ይመሳከር።