ይድረስ ለክቡር ኤም 54.50

ለክቡር ኤም 54.50
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዜሮዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከወገቤና ከእርስዎ በስተቀር ደኅና ነኝ።

እርስዎ አያውቁኝም። እኔ ግን ከእርስዎ ጋር ነው የምውለው። አሜሪካ ውስጥ በአንድ የሐኪም ቢሮ ቢሊንግ ክፍል ተጎልቼ፣ ከኢንሹራንስ ገንዘብ ለመጠየቅ የሰውን ወገብ ወደ ቁጥር፣ ማለትም እንደ እርስዎ ወዳለ የሕመም መለያ ኮድ፣ የምለውጠው እኔ ነኝ። ስለ ወገብ ሕመም ቁጭ ብዬ ስጽፍ ስጽፍ የራሴም ያዘኝ። እንግዲህ ጉዳያችን ሥራም የግልም ሆኗል ማለት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሹመትዎ። እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2021 ድረስ ስምዎ ኤም 54.5 ብቻ ነበር። ፍቺዎም አጭር፦ የታችኛው ጀርባ ሕመም። በማግሥቱ፣ ኦክቶበር 1፣ ዜሮ ተጨመረልዎትና ኤም 54.50 ሆኑ። አዲሱ ማዕረግዎ ሲነበብ "የታችኛው ጀርባ ሕመም፣ ያልተገለጸ" ይላል። ቁጥር ተጨምሮ የተገኘው ዕውቀት እንግዲህ ይሄ ነው። ይሁን፣ ሹመት ያዳብር። ችግሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ያለ ዜሮዎ ወደ ኢንሹራንስ የሄደ ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) "ልክ ያልሆነ ኮድ" እየተባለ መመለሱ ነው። ታማሚው ያው፣ ወገቡ ያው፣ ሕመሙም ያው። ገንዘቡ ግን የለም። ከነጥብ በኋላ መጨረሻ ላይ የምትመጣ ዜሮ ዋጋ የላትም ብለው ያስተማሩኝ የሒሳብ መምህሬ ኢንሹራንስ ቤት ሠርተው አያውቁም።

ያን ዕለት ወንድሞችዎም አብረው ተወለዱ። ኤም 54.59 "ሌላ" ይባላል፤ እሱን እንለፈው። ኤም 54.51 ግን ሥራ አዋቂ ነው። ሕመሙ ከራሱ ከአከርካሪው አጥንት ሲነሳ የሚጻፈው እሱ ነው። ኦክቶበር ላይ መጣ፤ በጃንዋሪ 2022 ደግሞ አጥንቱ ውስጥ ያለውን ነርቭ በሙቀት ማቃጠል የራሱን የክፍያ ኮድ አገኘ፣ 64628። ሕመሙ ስም ባወጣ በ3 ወሩ ሒሳቡ ደረሰ። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ እያለ "ያልተገለጸ" እየተባሉ መኖር አይከብድም?

የከረመው ቅሬታዬ ግን ከዘመዶችዎ ጋር አለመስማማትዎ ነው። ወገቡን አሞት ሕመሙ ወደ እግሩ የሚወርድ ሰው ይመጣል። ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው ለወገቡ እርስዎን፣ ለእግሩ ሳያቲካን (ወደ እግር የሚወርደውን የነርቭ ሕመም)፣ ማለትም ኤም 54.3ን ይጽፋል። አይቻልም! ሁለታችሁ አንድ ወረቀት ላይ አብራችሁ አትቀመጡም። ለሁለቱ በአንድ ላይ ኤም 54.4 አለ። እሱም ዝም ብሎ አይገባም፣ የትኛው ወገን ብሎ ይጠይቃል። ቀኝ ከሆነ 1፣ ግራ ከሆነ 2፣ ሐኪሙ ካልጻፈው 0። ሰውየው በግራ እግሩ እያነከሰ በበሩ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ግን እኔ ማን ነኝ? በእኛ ሥራ ያልተጻፈ አልተደረገም። ወገቡ የተቀጨው ልብስ ሲያጥብ መሆኑን የሚናገር ኮድ እንኳ አለን፣ ዋይ 93.ኢ2። "ስታዩት እኮ ያነክሳል" የሚል ግን የለንም። የሕመሙ ምንጭ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ነው ከተባለ ደግሞ እርስዎም ዘመዶችዎም ተነሥታችሁ ለዲስኩ ኮድ ለኤም 51 ቦታ ትለቃላችሁ።

እሱም ቢሆን ከእርስዎ ተምሯል። ላረጀ የወገብ ዲስክ ኤም 51.36 ይበቃን ነበር። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ግን ጅራት አበቀለ። ጀርባውን ብቻ ካመመው 0፣ እግሩን ብቻ ከሆነ 1፣ ሁለቱንም ከሆነ 2፣ ስለ ሕመሙ ምንም ካልተባለ 9።

አሁን ወደ ኤምአርአይ ልምጣ። የወገብ ኤምአርአይ ያለ መርፌ ቀለም ሲነሣ ኮዱ 72148 ነው። አጠገቡ እርስዎን ብቻ አስቀምጬ ፈቃድ ስጠይቅ፣ ኢንሹራንሱ አብዛኛውን ጊዜ "መጀመሪያ 6 ሳምንት ፊዚዮቴራፒና መድኃኒት ይሞከር" ይላል። እውነት ለመናገር በዚህ አልጣላዎትም። አብዛኛው ድንገተኛ የወገብ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ይለቃል። ሽንቱን መቆጣጠር ካቃተው፣ ትኩሳት ወይም የካንሰር ታሪክ ካለው ሰው በቀር ለፎቶ መጣደፍ ብዙ አይጠቅምም። እኔን የሚያቃጥለኝ 6 ሳምንቱን የጨረሰው ሰው ነገር ነው። ፊዚዮቴራፒ ስለመሥራቱ ማስረጃ ይምጣ ይባላል። በምን? በፋክስ። አዎ፣ በፋክስ! ፋክሱ ይላካል፤ አልደረሰንም ይላሉ። ደግሞ ይላካል፤ ገጽ 3 አይነበብም ይላሉ።

በመጨረሻ "ሲኦ 50" የሚል የእምቢታ ኮድ ከኢንሹራንሱ ይመጣል። ሕክምናው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም ማለት ነው። ወይም "ሲኦ 11" ይመጣል፦ ምርመራውና ሕክምናው አይጣጣሙም። ለታማሚው በፖስታ የሚሄደው ወረቀት ደግሞ ራሱ ላይ በትልቁ "ይህ ቢል አይደለም" ይላል። ቢሉ ተከትሎት ይመጣል። ከዚያ ስልኩ እኔ ጋ ይጮሃል።

"ልጄ፣ ለምንድን ነው የማይከፍሉልኝ?"

"እማማ፣ የወገብዎ ሕመም አልተገለጸም ብለው ነው።"

"እንዴት አልተገለጸም? ልብሴን ገልጬ አይደል እንዴ የታየሁት!"

ክቡር ሆይ፣ ለእኒህ እናት ምን ብዬ ልመልስ? እርስዎ ይንገሩኝ። እኔ ይቅርታ ጠይቄ፣ ለሐኪሙ "እባክዎ የትኛው ወገን እንደሆነ ይጻፉልኝ" የሚል ማስታወሻ ልኬ፣ ወደ ፋክሱ ተመለስኩ።

ልመናዬ ትንሽ ነው። ዝርዝራችሁ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይታደሳል። አንድ ኮድ እስከ 7 ቁምፊ ይፈቀድለታል፤ እርስዎ ገና 5 ላይ ነዎት። የቀሩትን 2 ለመውሰድ ካሰቡ ቀደም ብለው ሹክ ይበሉኝ።

የራሴን ወገብ በተመለከተ ቀጠሮ ይዣለሁ። የሚያመኝ በግራ በኩል ነው፤ ወደ እግሬም ይወርዳል። ይህንኑ በወረቀት ጽፌ ለሐኪሙ በእጁ እሰጠዋለሁ። ስለዚህ ቅር አይበልዎ፣ የእኔ ፋይል ላይ የሚቀመጠው ኤም 54.42 ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለፋክስ ማሽኑ (ወረቀት ካለው)