ማስተካከያ፦ ስለ ሁለቱ «ፉልሜታል አልኬሚስት» የሰጠሁት ነጥብ

ባለፈው የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ነጥቦቼን ሳወጣ «ፉልሜታል አልኬሚስት፦ ብራዘርሁድ» እንደ ፈረንጆቹ በ2003 የወጣው ተከታታይ ቀጣይ ክፍል ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ።

ቀጣይ አይደለም። ታሪኩ ከሀ ጀምሮ እንደ አዲስ የተሠራ ነው። የ2003ቱ በ51 ክፍል ሲሠራ ታሪኩ የተወሰደበት የሂሮሙ አራካዋ ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ገና አላለቀም ነበር። ስለዚህ ከመሃል ላይ የራሱን መንገድ ይዞ ሄደ። በ2009 የጀመረው ብራዘርሁድ ግን በ64 ክፍል ማንጋውን እስከ መጨረሻው ይከተላል። አንዱን ሳታዩ ሌላውን ማየት ትችላላችሁ።

ነጥቡንም ቀይሬዋለሁ። ለ2003ቱ 7 የሰጠሁት «መጨረሻው ከብራዘርሁድ ጋር አይገጥምም» ብዬ ነው። መግጠም አልነበረበትም! አሁን 8.5 ሰጥቼዋለሁ።

ደግሞ የወታደሩን የሂዩዝን ቀብር እዩት። በብራዘርሁድ 10ኛው ክፍል ላይ ነው፣ በ2003ቱ ግን 25ኛው ላይ። እስከዚያ ሰውየውን በደንብ ለምደነዋል። ትንሿ ልጁ አባቷን ለምን እንደሚቀብሩት ስትጠይቅ አንጀት ትበላለች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ የሂዩዝ ጓደኛ ሙስታንግ እንባውን ዝናብ ነው ሲል እኔ ሁሌም አለቅሳለሁ።

ብራዘርሁድ በ9 ይቆያል።